ቆራጥነትና ተጣጣፊነት በትምህርት አመራር
ሦስት አገር አቀፍ ሥራዎችን መነሻ ያደረገ ሂስ

መግቢያ

አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ከተመሠረቱት አንዱ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። በከተማይቱ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ይህ ክፍለ ከተማ የቀድሞውንና የአሁኑን ኑሮ ጎን ለጎን የያዘ ሥፍራ ነው። በጎፋና በመካኒሳ ነባሩ ሰፈር፣ በጎተራ በኩል መጋዘኑና የመኪናው ግርግር፣ በለቡና በጀሞ ደግሞ የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ የተሠሩ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ይታያሉ። እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚሠራ ርዕሰ መምህር ዕቅዱን የሚያዘጋጀው የትምህርት ዘመኑ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይሁንና የቤት ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ ቁልፍ የሚረከበው የትምህርት ቤቱን የቀን መቁጠሪያ ተመልክቶ አይደለም። ዕቅዱ በነሐሴ ይጸድቃል፤ ተማሪው በኅዳር ይመጣል።

በዚህን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው መመሪያውን አንሥቶ የምዝገባው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ሁለተኛው ፈረቃውን አሸጋሽጎ፣ ወንበሩን አጠጋግቶ፣ መምህራኑን አማክሮ ሕፃኑን መቀበል ነው። የመጀመሪያው ከወቀሳ ያድናል፤ ሁለተኛው ሕፃኑን ያድናል። አንድ የትምህርት አመራር ሥርዓት ጤናማ መሆን አለመሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ፣ ሁለተኛውን መንገድ የመረጠው ርዕሰ መምህር የሚመሰገን ወይም የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትምህርት አመራር ረገድ ተጣጣፊነት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ መመርመር ነው። ለምርመራው መነሻ የሚሆኑት በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ሥፍራ ያላቸው ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ እነርሱም የ1964 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ሪቪው፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻና ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራበት የፕላዝማ ትምህርት ናቸው። ሦስቱም በተለያየ መንግሥትና በተለያየ ዘመን የተሠሩ ቢሆኑም የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው።

የቃላቱ ሚዛን

በአማርኛ «ቆራጥ» ምስጋና ነው፤ «ወላዋይ» ነቀፋ ነው። በተለይ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት እነዚህ ሁለት ቃላት በስብሰባና በጋዜጣ ሲደጋገሙ የአንድን ሰው የሹመት ዕድል፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን፣ እስከ መወሰን የሚደርስ ክብደት ነበራቸው። ያ ዘመን ቢያልፍም የቃላቱ ሚዛን አልተለወጠም። ዛሬም አንድ ኃላፊ የሰጠውን ትእዛዝ ለማሻሻል የሚያመነታው ትእዛዙ ትክክል መስሎ ስለሚታየው ብቻ አይደለም፤ ወላዋይ እንዳይባል ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ቃላቱን ከሥራቸው መርምሮ ማየት ይጠቅማል። ቆራጥነት ከመቁረጥ ይመጣል፤ ተጣጣፊነት ከማጠፍ ይመጣል። የተቆረጠ ሸማ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ጋቢ ግን ቢደርቡትም፣ ቢያጥፉትም፣ ቢዘረጉትም ያው ጋቢ ነው፤ የሚታጠፈውም እንደ ብርዱና እንደ ሙቀቱ እንዲያገለግል ነው። እንግዲህ ተጣጣፊ መሪ ማለት ዓላማውን ሳይለቅ አካሄዱን እንደ ሁኔታው የሚያስተካክል ነው። ወላዋይ ግን አካሄዱንም ዓላማውንም አብሮ የሚለቅ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት በአገሪቱ የአመራር ባህል ውስጥ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ስሕተት ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። «እንደ ንጉሡ አጎንብስ» የሚለው ተረት የሚያስተምረው መተጣጠፍ አለ። ይህ ግን ወደ ላይ መታጠፍ ነው፤ ሥልጣን ያለበትን አቅጣጫ እያዩ ማዘንበል ነው። በዚህ ዓይነቱ መታጠፍ ማንም አይታማም፤ እንዲያውም ብልህነት ተብሎ ይወደሳል። ለትምህርት ሥራ የሚያስፈልገው ግን ወደ ታች መታጠፍ፣ ማለትም ከክፍሉ፣ ከተማሪውና ከመምህሩ እውነት ጋር ራስን ማጣጣም ነው። ወደ ላይ እጅግ የሚታጠፍ መሪ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች የማይታጠፍ ሆኖ ይገኛል፤ ፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ዞሯልና።

የአመራር ጥናትን የጻፉ የውጭ አገር ሊቃውንትም በዚህ ጉዳይ ተከራክረውበታል። ፍሬድ ፊድለር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለሁሉም ሁኔታ የሚስማማ አንድ ዓይነት አመራር እንደሌለ አስረድቷል። የሰው ጠባይ በቀላሉ ስለማይለወጥም መሪውን ከመለወጥ ይልቅ መሪውንና ሁኔታውን ማገናኘት እንደሚሻል ገልጿል። ፖል ሐርሲና ኬኔት ብላንቻርድ በበኩላቸው በ1969 ባቀረቡት ሐሳብ፣ መሪው ራሱ የተመሪዎቹን ብቃትና ፈቃደኝነት እያየ አንድ ጊዜ አዛዥ፣ አንድ ጊዜ አማካሪ፣ ሌላ ጊዜም ሥራውን ለሌላ አሳልፎ የሚሰጥ መሆን እንዳለበት አመልክተዋል። እነዚህ ሐሳቦች ለርዕሰ መምህራን ሥልጠና ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን መሪው ሁኔታውን የሚያይበት ቦታ ላይ እንደሚገኝ አስቀድመው የሚገምቱ ይመስላል። በአንድ ፋብሪካ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ይህ ሊሆን ይችላል። በአንድ አገር የትምህርት ሥርዓት ግን ወሳኙ ከሚወሰንበት ክፍል እጅግ ርቆ ይቀመጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት መሪው ለመታጠፍ ፈቃደኛ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ መታጠፍ እንዳለበት በምን ይሰማል የሚለውም ነው።

ዘግይቶ የተሰማው ጥናት

የትምህርት ሴክተር ሪቪው በ1964 ዓ.ም. የተካሄደ ሰፊ ጥናት ነበር። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና የውጭ አገር ጠበብት ተሰባስበው የአገሪቱን ትምህርት ከታች እስከ ላይ መረመሩ። ያገኙት ጉድለት እውነተኛ ነበር። ትምህርት የሚደርሰው ለጥቂቱ ሕፃን ነበር፤ ከዚያም አብዛኛው ከተማ ውስጥ ነበር፤ የሚሰጠው ዕውቀትም ከገጠሩ ኑሮ የተራራቀ ነበር። ከቀረቡት የመፍትሔ ሐሳቦች ዋነኛው ለብዙኃኑ ሕፃናት አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት በፍጥነት ማዳረስ፣ የከፍተኛውን ደረጃ ዕድገት ደግሞ መግታት ነበር።

ጥናቱን እንደ ጥናት ለሚመዝነው ሰው ብዙ የሚደነቅ ነገር አለው። የገጠሩን ሕፃን አስቀድሞ ማሰቡ፣ ትምህርትን ከኑሮ ጋር ለማገናኘት መሞከሩ፣ መደበኛ ካልሆነው ትምህርት ጋር ማቀናጀቱ የሚናቅ አይደለም። ከእነዚህ ሐሳቦች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ በሌላ ስም ተመልሰው መጥተዋል። ታዲያ ምን ጎደለው?

የጎደለው ጆሮ ነው። ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ውጤቱ ለሕዝብ በግልጽ የቀረበው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1966 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ ሥራ ላይ ሊውል ሲቃረብ ነበር። ዕቅዱን በክፍል ውስጥ ተግባራዊ የሚያደርጉት መምህራን ስለ ራሳቸው ሥራ የተወሰነውን የሰሙት እንደ ወሬ ነበር። ወላጅ በበኩሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ ሞፈሩ ሊመለስ ነው የሚለው ነው። ይህ አተረጓጎም ጥናቱን በሙሉ አይገልጸውም። ነገር ግን አስቀድሞ ያልተነገረው ሕዝብ በሥጋቱ ቢተረጉመው አያስደንቅም።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ሰሞን ሌሎችም የኅብረተሰብ ክፍሎች በየራሳቸው ምክንያት ተነሥተው ነበርና የመምህራኑ አድማ ከብዙ ብሶት ጋር ተቀላቀለ። መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ ዕቅዱ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ በ1964 ዓ.ም. ሊታጠፍ ያልቻለው ዕቅድ በ1966 ዓ.ም. መቆረጡ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቂት ነጥቦችን በውይይት ማሻሻል ይቻል ነበር፤ ለምሳሌ ከአራተኛ ክፍል በኋላ መንገዱ ክፍት ስለሚሆንበት ሁኔታና ስለ መምህራኑ የሥራ ሁኔታ መስማማት ይቻል ነበር። በየካቲት 1966 ግን ለማሻሻል ጊዜ አልነበረም፤ መልካሙም ክፉውም አብሮ ተጣለ። አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ትምህርት ዕቅዱ መጥፎ ስለ ነበር ወደቀ የሚል ነው። ይህ ግን ለዕቅድ ባለሙያ የማይጠቅም፣ አዘናጊ ትምህርት ነው። የሚጠቅመው ትምህርት፣ በሐሳቡ ብዙ መልካም ነገር የነበረው ዕቅድ የሚመለስበት መንገድ ስላልተሠራለት ሊወድቅ መቻሉ ነው።

የታጠፈውና ያልታጠፈው ዘመቻ

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር የነበረው መንግሥት በተጣጣፊነት የሚታወቅ አልነበረም። ቆራጥነት የዘመኑ መፈክር ነበር። ሆኖም በዘመቻው ውስጥ ከመፈክሩ የተለየ ነገር ይታያል። ዘመቻው የተጀመረው በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቋንቋዎቹ አሥራ አምስት ደረሱ። ትምህርቱ በዙር የተከፋፈለ ነበር፤ ያልጨረሰ ወደሚቀጥለው ዙር የሚተላለፍበት፣ ፊደል የለየ ደግሞ ተከታይ ትምህርት የሚያገኝበት መንገድ ነበረው። ማስተማሪያው አዳራሽ ብቻ አልነበረም፤ የዛፍ ጥላም ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዩኔስኮ በመሠረተ ትምህርት መስክ ዓለም አቀፍ ሽልማት የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የተሳካው ምን እንደ ሆነ በትክክል መለየት ያስፈልጋል። አንድ አዋቂ ገበሬ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ሊቆጥር አይችልም። ይህን እውነት የሚያውቀው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው አስተማሪ ነው። ያ እውነት ተሰምቶ የቋንቋዎቹ ቁጥር ጨመረ። ዓላማው፣ ማለትም መሐይምነትን ማጥፋት፣ አልተነካም፤ መንገዱ ሰፋ እንጂ።

ያልታጠፈበትም ቦታ ነበር። በመጀመሪያ፣ ሁሉም ቋንቋዎች የተጻፉት በኢትዮጵያ ፊደል ብቻ ነበር፤ ፊደሉ ለየቋንቋው ድምፅ ይስማማል አይስማማም የሚለው ጥያቄ ለተናጋሪዎቹ አልተተወም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከእነዚህ ቋንቋዎች በርካታዎቹ ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገሩ፣ ቀድሞ በክርክር ሊፈታ ይችል የነበረው ጉዳይ በመለያየት ተፈታ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ተሳትፎው በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ትእዛዝ የሚጠበቅ በመሆኑ ሪፖርቱ ከእውነቱ ቀድሞ የሚሮጥበት ጊዜ ነበር። የምስክር ወረቀት የተቀበለው ሁሉ ዓመት ቆይቶ ማንበብ ይችል ነበር ማለት አይቻልም። አስገዳጅ ቁጥር ባለበት እውነተኛ ወሬ ወደ ላይ አይወጣም። እውነተኛ ወሬ ካልወጣ ደግሞ የሚያስተካክል አይኖርም።

ስለዚህ የዘመቻው ታሪክ ሁለት ነገር በአንድነት ያስተምራል። ጥብቅ የሆነ መንግሥት እንኳ ክፍሉን በሰማበት ነጥብ ላይ ሊታጠፍና ሊሳካለት ይችላል። ባልሰማበት ነጥብ ላይ ግን ጥብቅነቱ አይጠቅመውም።

የማይቆመው መምህር

ሦስተኛው ሥራ ለዛሬው መምህር የቅርብ ትዝታ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰፋፊ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት በየክፍሉ በአንድ ሰዓት ይሠራጩ ጀመር። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ፣ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነበር።

የዕቅዱን መነሻ ማጣጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፍጥነት ይስፋፋ ነበር፤ ብቁ መምህር ግን በበቂ ቁጥር አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለው ወረዳ የሚማር ልጅ የኬሚስትሪውን ሙከራ ቢያንስ በምስል ማየት ቻለ። የአዲስ አበባው ተማሪና የጠረፉ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ የሚለው ሐሳብ የእኩልነት ሐሳብ ነው።

ነገር ግን የሳተላይቱ መምህር አይቆምም ነበር። ተማሪው ባይገባው አይደግምም፤ ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ በሴኮንድ የተለካ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ ፕሮግራሙ በማግሥቱ ካለፈው ገጽ ይቀጥላል። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጠው። የተማሪዎቹን ፊት የሚያየው፣ ማን እንዳልገባው የሚያውቀው እርሱ ነው። የማቆም ሥልጣን ግን የለውም። እንዳልገባቸው የማያየው ደግሞ ያለማቋረጥ ይናገራል። ዕውቀቱና ሥልጣኑ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተቀመጡ።

እዚህ ላይ የክፍለ ከተማውን ስም ማስታወስ ተገቢ ይሆናል። «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም ሽቦ የሌለውን የመልእክት መሣሪያ ያስታውሳል፤ ቃሉ በንፋስ የሚመጣ መስሎ ስለ ታየ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነው። ያ መሣሪያ ይልክም ይቀበልም ነበር። የሚልክ ብቻ ሆኖ የማይቀበል ጣቢያ መልእክቱ ደረሰ አልደረሰ ሊያውቅ አይችልም። የፕላዝማው ትምህርት የሚልክ ብቻ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሥርዓቱ ተሻሻለ፤ የቀጥታው ሥርጭት የነበረውን የበላይነት አጣ፤ በየትምህርት ቤቱም ብዙው መሣሪያ አገልግሎት መስጠት አቆመ። ይህን የቴክኖሎጂ ውድቀት አድርጎ የሚቆጥር ይሳሳታል። መሣሪያው ራሱ መምህሩ እንደ ፈለገው ሊከፍተው፣ ሊያቆመውና ሊደግመው በሚችል መልክ ቢቀርብ ኖሮ ከጥቁር ሰሌዳ ቀጥሎ ታላቅ አጋዥ ሊሆን ይችል ነበር። የወደቀው መሣሪያው አይደለም፤ በመምህሩ ላይ የነበረው አለመተማመን ነው። ማዕከሉ መምህሩ ደካማ ነው ብሎ ሥልጣኑን ነጠቀው። ሥልጣኑን የተነጠቀ መምህር ደግሞ ይበልጥ ደካማ ሆነ፤ ለትምህርቱ መዘጋጀት ለምን ያስፈልገዋል?

በአንድ ክፍለ ከተማ የሚታየው

ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ መመለስ ይቻላል፤ አገር አቀፍ ዕቅድ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ነውና። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. መንግሥት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ለዚያ የተዘጋጀ መመሪያ በማንም መሳቢያ ውስጥ አልነበረም። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ መልእክት እንዲቀጥል ተሞከረ፤ ይህም መሣሪያውና መብራቱ ያለውን ልጅ ከሌለው ይበልጥ ጠቀመ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ሲከፈቱ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ ቁጥር እንዲቀነስና ትምህርቱ በፈረቃ እንዲሰጥ ተወሰነ። የጤናው ጥንቃቄ ከላይ የመጣ ጥብቅ ግዴታ ነበር። ተማሪውን በቀናት መከፋፈል፣ የመማሪያ ክፍሉን ማዘጋጀትና ለወላጅ ማስረዳት ግን ያለ ትምህርት ቤቱ ብልሃት የሚሆን አልነበረም።

ይህ አሠራር ልዩ የሆነው በችግር ጊዜ ስለ ታየ ነው። መጠየቅ የሚገባው ግን በደኅናው ጊዜ ለምን አይታይም የሚለው ነው። በጀሞ ያለ ትምህርት ቤትና በነባሩ የመካኒሳ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም። አንደኛው ሊጨናነቅ፣ ሌላው ደግሞ ነዋሪው በመልሶ ማልማት ሲነሣ ተማሪ ሊያጣ ይችላል። የሁለቱ ርዕሰ መምህራን ግን አንድ ዓይነት ቅጽ ይሞላሉ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር በመሠረቱ ይህን ለማስተካከል የታሰበ ነበር። ትምህርት ቤቱ በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ረገድ ራሱን መዝኖ የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ሐሳቡ የተጣጣፊነት ሐሳብ ነው። ግለ ግምገማው ለሱፐርቫይዘር ዓይን ሲባል ብቻ ከተሞላ ግን፣ ትምህርት ቤቱ ራሱን የሚያይበት መስተዋት መሆኑ ቀርቶ ለበላይ የሚቀርብ ፎቶግራፍ ይሆናል። ለፎቶግራፍ ደግሞ ሁሉም ሰው ልብሱን አስተካክሎ ይቆማል።

የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ሥራ በዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ሱፐርቫይዘሩ መመሪያ መፈጸሙን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ የሚልከው ጣቢያ ቅጥያ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ መመሪያውን የት ላይ እንዳስተካከለና ለምን እንዳስተካከለ ጠይቆ ወደ ላይ የሚያደርስ ከሆነ ግን የሚቀበለው ጣቢያ ይሆናል።

የተጣጣፊነት ወሰን

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። የኢትዮጵያ ትምህርት የተጎዳው ባለመለወጥ ሳይሆን በመለዋወጥ ነው የሚል ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቀድሞውን የክፍል አደረጃጀት ለወጠ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እርሱም በሌላ ፖሊሲ ተተክቶ አደረጃጀቱ እንደገና ተለወጠ። መጻሕፍት ታትመው ሳይዳረሱ ሥርዓተ ትምህርት ሊቀየር ይችላል። መምህሩ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይመጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው።

ተቃውሞው ልክ ነው፤ የሚነቅፈው ግን ተጣጣፊነትን አይደለም። ከላይ የሚመጣ ተደጋጋሚ ለውጥ ራሱ የማይታጠፍ አመራር ሌላ መልኩ ነው። በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ሊስተካከል የማይችል ሥርዓት ስሕተቱን ያከማቻል፤ ከዚያም በአንድ ቀን ሁሉንም አፍርሶ ይጀምራል። ሴክተር ሪቪው የሆነውም ይህ ነው። የዘወትር ማስተካከያ ያለበት ሥርዓት ግን በየአሥር ዓመቱ መፍረስ አያስፈልገውም።

የማይታጠፍ ነገር ምን እንደ ሆነም በግልጽ መነገር አለበት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ዓላማው ኩረጃን ማስቆም ነበር። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ አገሪቱን አስደነገጠ፤ ነጥቡን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ማሳለፍ ግን ወላዋይነት ይሆን ነበር። የተደረገው ውጤቱን እንዳለ ማሳወቅና፣ ከማለፊያው በታች ካመጡት ተሻለ ነጥብ ያላቸው በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደገና እንዲፈተኑ መንገድ መክፈት ነው። ስለ አፈጻጸሙ የሚነሡ ጥያቄዎች ቢኖሩም አካሄዱ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ያስረዳል። ሚዛኑ አልታጠፈም፤ መንገዱ ታጠፈ። ቀሪው፣ ከፈተናው በፊት በነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ተማሪው እየቀረ መሆኑን መምህሩ እያየ ለምን ለማንም ሳይሰማ ቀረ የሚለው ጥያቄ ነው። እርሱ ግን በፈተና አይመለስም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመረመሩት ሥራዎች የሚገኘው ፍርድ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ተጣጣፊነት የአንድ መሪ ደግነት ወይም ጠባይ አይደለም። ደግ መሪም ካልሰማ አይታጠፍም፤ ጥብቅ መሪም ከሰማ ይታጠፋል። ተጣጣፊነት አብሮ የሚታቀድ አሠራር ነው።

ለዕቅድ ባለሙያው ይህ ማለት ማንኛውም መመሪያ ሲወጣ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ሊመለሱ ይገባል ማለት ነው። በመመሪያው ውስጥ የማይነካው ዓላማ የቱ ነው? ትምህርት ቤቱ እንደ ሁኔታው ሊያስተካክለው የሚችለው የቱ ነው? አስተካክሎ ሲገኝ ወሬው በማን በኩል፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ወደ ማዕከሉ ይመለሳል? እነዚህ ያልተመለሱበት መመሪያ፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያልተጠናቀቀ መመሪያ ነው።

ለርዕሰ መምህሩና ለመምህሩም የሚተርፍ ግዴታ አለ። ከላይ የሚጠይቁትን ጆሮ ለራሳቸው ተማሪና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ መስጠት አለባቸው። ከሚኒስቴሩ መደመጥን የሚሻ ርዕሰ መምህር መምህራኑን በስብሰባ ላይ የሚያስፈራራ ከሆነ፣ የሚነቅፈውን ሥርዓት በትንሹ ደግሞ ሠራው ማለት ነው። እንደዚሁም ተማሪው አልገባኝም ሲል የሚቆጣ መምህር ከማይቆመው ፕላዝማ አይሻልም።

በኅዳር ወር ከጀሞ ሕንጻዎች ወጥቶ ከእናቱ ጋር በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆመው ሕፃን የትኛውንም ፖሊሲ አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው በሩ መከፈቱን ወይም አለመከፈቱን ነው። በሩን የሚከፍተው ሰው ተጠያቂ ሳይሆን ተመስጋኝ የሚሆንበትን አሠራር መሥራት ከአመራር የሚጠበቅ እውነተኛ ቆራጥነት ነው።